ምዕራብ፣ ግን ከየት ሲታይ?

ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ የተጓዘ ሰው ምዕራብ ዓባያ ወረዳን ያውቃታል። የሙዝ ማሳውን እያየ ብርብር ከተማ ይደርሳል። የተጓዘው ግን ወደ ሰሜን ነው። ታዲያ ወረዳው “ምዕራብ” የሆነው ከየት ሲታይ ነው?

መልሱ ቀላል ነው፤ ከዓባያ ሐይቅ ሲታይ። ወረዳው ያለው በሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ ነው። ነገር ግን መንገደኛው ሐይቁን ወደ ምሥራቅ ቢሻገር የሚያገኘው ምዕራብ ጉጂ ዞንን ነው! የዚህኛው ምዕራብነት የሚለካው ከጉጂ ምድር ነውና። አንድ ውኃ፣ ሁለት ዳር፣ ሁለቱም ምዕራብ።

ቃሉን ያገኘነው ከግዕዝ ነው። “ዐረበ” ማለት ፀሐይ ገባች፣ ጠለቀች ማለት ነው፤ ምዕራብም የፀሐይ መግቢያ። የእንግሊዝኛው “ዌስት”ም፣ የቋንቋ አጥኚዎች እንደሚሉት፣ ምሽትን ከሚያመለክት ጥንታዊ ሥር የተገኘ ነው፤ የላቲኑ “ቬስፐር” ዘመዱ ነው። እንግሊዞች ቃሉን ያለ ምንም ረዳት ተውሳከ ግሥ አድርገው “ጎ ዌስት” ይላሉ። እኛ ግን “ወደ” ወይም “በስተ” ካልጨመርንበት አይሄድልንም።

ፀሐይ መግቢያዋን አትለውጥም፤ ሰው ግን መቆሚያውን ይለውጣል። የሰሜን ተራሮችን ተመልከቱ። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እንዳስረዱት፣ “ሰሜን” በጥንቱ ግዕዝ ደቡብ ማለት ነበር፤ ተራሮቹ ከአክሱም በስተደቡብ ናቸውና። የመንግሥቱ ማዕከል ወደ ደቡብ ሲወርድ ተራሮቹ ባሉበት ቆዩ፤ የቃሉ ትርጉም ግን ተገለበጠ።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 47 ከዘረዘራቸው ዘጠኝ ክልሎች መካከል ስሙ በአቅጣጫ የሚጀምረው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ብቻ ነበር። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. በራሷ ስም ክልል ሆነች። የቀሩት ግን ደቡብ ምዕራብ፣ ደቡብና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብለው ተደራጁ። ጋሞ ዞንም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ነው።

በሕግ ትምህርት ቤት ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ የይዞታን አዋሳኝ በአራቱ ማዕዘን መጻፍ ነው። “በምሥራቅ” ብሎ ከምን እንደሆነ የማይናገር ውል የክርክር በር ይከፍታል። የክልል ስም ውል አይደለም፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። “ደቡብ” ስንል የቆምነው አዲስ አበባ ላይ መሆኑን እንረሳዋለን፤ ብዙ ሕዝብ ያለበትን አገርም በእኛ መቆሚያ እንሰይማለን።

ለብርብር ነዋሪ ደቡብ ማለት ወደ አርባ ምንጭ መውረድ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ለእርሱ ሰሜን ናት። እንደዚያ ብሎ የጠራን ግን የለም።