የተራቆተውን የባሕር ወለል በኮራል ዘር መልሶ ማልማት

የዘር ወቅት ያመለጠው ገበሬ እስከሚቀጥለው ክረምት መጠበቁ ግድ ነው፡፡ የኮራልን አረባብ የሚያጠኑ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም እንደ ገበሬው የወቅት ጥገኞች ናቸው፡፡ ለብዙዎቹ የኮራል ዓይነቶች የዘር ወቅት በዓመት ጥቂት ሌሊቶች ብቻ ስለሆነ፣ ሌሊቱ ካለፈ የዓመት ሥራ አብሮ ያልፋል፡፡

ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው፡፡ እጅግ ብዙ ጥቃቅን እንስሳት ተያይዘው እየኖሩ ከሥራቸው የኖራ ድንጋይ ይገነባሉ፤ ግንቡም በዘመናት ብዛት የባሕር ውስጥ አለት ይሆናል፡፡ እነዚህ አለቶች ከባሕር ወለል አንድ በመቶ የማይሞላውን ቢሸፍኑም፣ ከባሕር ፍጥረታት ሩብ ያህሉ መጠጊያቸውና መመገቢያቸው እዚያው ነው፡፡ በመሆኑም ኮራል ሲጠፋ ዓሣው ይመናመናል፤ ዓሣው ሲመናመን የአጥማጁ ጓዳ ባዶ ይሆናል፡፡

የሌሊቱ ግኝት

ቀደም ባሉት ዓመታት አብዛኞቹ ኮራሎች ፅንሱን በአካላቸው ውስጥ አሳድገው እጩን እንደሚለቁ ይታመን ነበር፡፡ ይህን እምነት የለወጠው በአውስትራሊያ ታላቁ የኮራል አጥር ላይ የተካሄደ ጥናት ነው፡፡ ፒተር ሃሪሰንና ባልደረቦቹ በ1981 እና በ1982 እ.ኤ.አ. በሦስት ሥፍራዎች ባደረጉት የሌሊት ክትትል፣ ጥቅምትና ኅዳር ግድም ከምትታየው ሙሉ ጨረቃ ጥቂት ሌሊቶች በኋላ 32 የኮራል ዝርያዎች እንቁላላቸውንና የወንዴ ዘራቸውን በአንድነት ወደ ውሃው እንደሚለቁ አረጋገጡ፡፡ ውጤቱም በ1984 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ታተመ፡፡

የሚለቀቀው ዘር እንደ ጥቃቅን እንክብል ሆኖ ወደ ውሃው ገጽ ይንሳፈፋል፡፡ እዚያም ይፈርስና ከሌላ ኮራል ዘር ጋር ይዳቀላል፡፡ ከጥቂት ቀናት በኋላ እጩ እየዋኘ ወደ ታች ወርዶ በተስማማው አለት ላይ ይጣበቃል፡፡ ይሁንና አብዛኛው በማዕበል ይወሰዳል ወይም የዓሣ ቀለብ ይሆናል፡፡ ኮራሎቹ ተመናምነው ተራርቀው በሚገኙበት ሥፍራ ደግሞ ዘሩ በውሃው ውስጥ ስለሚሳሳ መዳቀሉ ራሱ አስቸጋሪ ነው፡፡

ከገንዳ ወደ ባሕር

ለዚህ ችግር መፍትሔ ከተሞከረባቸው ሥፍራዎች አንዱ በሰሜን ምዕራብ ፊሊፒንስ የሚገኘው የቦሊናኦ አካባቢ ነው፡፡ በዚያ ዓሣን በፈንጂ የማጥመድ ልማድ የኮራሉን አለት ሰባብሮት ነበር፡፡ ሃሪሰንና ፊሊፒናዊው ዴክስተር ዴላ ክሩዝ የኮራሉን ዘር ሰብስበው እጩን በገንዳ አሳደጉ፤ ለመጣበቅ ሲደርስም በተጎዳው አለት ላይ በተዘረጋ ጥቅጥቅ ባለ መረብ ሥር ለቀቁት፡፡ መረቡ እጩ በማዕበል እንዳይወሰድ ስለሚያግድ፣ ከተጣበቀ በኋላ ይነሳል፡፡

ከተጣበቁት ግልገል ኮራሎች ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሞተዋል፡፡ የተረፉት ግን ጸንተው አድገው፣ በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ራሳቸው ዘር ለመስጠት በቅተዋል፡፡ ይህም በ2017 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጥቷል፡፡ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ በሰው እጅ የተዘራው ኮራል በተራው ዘሪ ሆኗል፡፡

ጥበቃ ካልታከለበት

ይህ ሁሉ ሲባል ዘር መዝራት ብቻውን በቂ ነው ማለት አይደለም፡፡ ከብት በሚሰማራበት ተራራ ላይ የተተከለ ችግኝ ዕጣው እንደማያጠራጥር ሁሉ፣ ፈንጂ በሚጣልበት ባሕር የተዘራ ኮራልም ውሎ አያድርም፡፡ ከዚህ የከፋው የባሕሩ ሙቀት መጨመር ነው፡፡ ሙቀቱ ሲያይል ኮራሉ በአካሉ ውስጥ የሚኖሩትንና የሚመግቡትን ረቂቅ ዋቅላሚዎች ያስወጣል፤ ይነጣል፤ ሙቀቱ ከቆየም ይሞታል፡፡ በ2016 እና በ2017 እ.ኤ.አ. በታላቁ የኮራል አጥር ላይ የደረሰው ብርቱ ጉዳት ለዚህ ማስረጃ ነው፡፡

ስለሆነም ዛሬ በዚህ ሙያ የሚሰማራ ተማሪ የሚጠብቀው ሥራ ድርብ ነው፡፡ በአንድ በኩል ሙቀትን የሚቋቋሙትን ኮራሎች ለይቶ ማራባት፣ በሌላ በኩል ከአጥማጁ ጋር ተመካክሮ የተዘራውን ማስጠበቅ ይኖርበታል፡፡ ባለሙያው በዓመት ጥቂት ሌሊት ይዘራል፤ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ግን ኑሮው በባሕሩ ላይ የተመሠረተው አጥማጅ ነው፡፡