የአምባዛ ጫጩቶች አመጋገብና አስተዳደግ በቆላ ውሃ

አምባዛ በመተማ አካባቢ በሚፈሱት በጓንግ፣ በገንዳ ውሃና በሽንፋ ወንዞች ከሚገኙት ዓሦች አንዱ ሲሆን፣ ቅርፊት የሌለው፣ ጢማምና ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ ነው። ከስንጥቡ ሌላ አየር በቀጥታ የሚተነፍስበት አካል ስላለው በበጋ ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ብቻ ሲቀር እንኳ በሕይወት ይቆያል። ጫጩቱ ግን ይህን አካል የሚያበቅለው ከተፈለፈለ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ ስለሆነ፣ አምባዛን በገንዳ ማርባት ለሚሻ ሰው ትልቁ ፈተና ይህ ጊዜ ነው።

አምባዛ በተፈጥሮ የሚራባው በክረምት፣ ወንዝ ሞልቶ በዳር ያለውን ሣር ሲያጥለቀልቅ ነው። በገንዳ ውስጥ ጎርፍ ስለማይኖር፣ እንስቷ ፒቱታሪ ከተባለው በአንጎል ሥር ከሚገኝ ዕጢ የተወሰደ ሆርሞን ትወጋና ከሰዓታት በኋላ ሆዷ በቀስታ ተጨምቆ ዕንቁላሉ ይወጣል፤ የወንዱ ዘር ግን በመጭመቅ ስለማይገኝ አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ይታረዳል።

የዳበረው ዕንቁላል 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ውሃ በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ጊዜው ይረዝማል። በ685 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው መተማ ዮሐንስ በዚህ ረገድ፣ ብሔራዊው የዓሣ ምርምር ማዕከል ካለበት ከሰበታ ደጋ የበለጠ ትመቻለች። ይሁን እንጂ ሞቃት ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ ስለሆነ፣ አየር መተንፈስ ያልጀመረ ጫጩት ውሃው ካልታደሰለት ይታፈናል።

አዲሱ እጭ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሚረዝም ሲሆን፣ ለሦስት ቀን ያህል በሆዱ ሥር ያለውን የአስኳል ከረጢት እየተመገበ ከገንዳው ወለል ላይ ተከማችቶ ይቆያል። አስኳሉ ሲያልቅ ጨጓራው ገና አልተሟላምና ደረቅ መኖ በሚገባ አይፈጭም፤ ስለዚህ በአፉ ልክ ደቃቅ የሆነ፣ የሚንቀሳቀስ ሕያው ምግብ ይሻል። ለዚህ የሚመረጠው አርቴሚያ፣ ደረቅ ዕንቁላሉ በጨው ውሃ ውስጥ በአንድ ቀን የሚፈለፈል፣ እንደተፈለፈለ መጠኑ ከግማሽ ሚሊሜትር የማይበልጥ ብርቱካንማ ፍጥረት ነው። አርቴሚያ በጨው አልባ ውሃ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ በመሆኑ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ይሰጣል፤ የሞተውም በስብሶ ኦክስጅን እንዳይጨርስ በቀጭን ቱቦ እየተሳበ ይወጣል።

አርቴሚያ ከውጭ የሚመጣና ውድ ስለሆነ፣ ለገጠር አርቢ የሚቀርበው አማራጭ እበት የተጨመረበት ኩሬ ነው፤ እበቱ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርጉ ረቂቅ ዕፅዋትን ያበቅላል፣ እነሱንም ሞይናን የመሳሰሉ ደቃቅ የውሃ እንስሳት ይመገባሉ፤ እንስሳቱ በስስ ጨርቅ ተጠልለው ለጫጩቶቹ ይቀርባሉ።

ጫጩቶቹ እያደጉ ሲሄዱ ትልቁ ትንሹን መዋጥ ይጀምራል። ስለሆነም በመጠን እየለዩ ማስቀመጥ፣ ገንዳውን ማጨለምና ምግቡን አለማጓደል የግድ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚመነጨው ሕግ ቀላል ነው፦ በቆላው ሙቀት ዕንቁላሉ ከተፈለፈለ ምግብ የመፈለጊያው ጊዜ ሦስት ቀን ብቻ ስለሆነ፣ የምግቡ ኩሬ እንስቷ ከመወጋቷ በፊት መዘጋጀት ይኖርበታል።