ዜማን በቤት ስለ ማሳደር፤ ለወልቂጤና ለቡታጅራ ሰው የሚስማማ የሙዚቃ ማጫወቻ

ቤቱን አሳምሮ የሠራ ሰው ከወንበሩና ከምንጣፉ ቀጥሎ የሚያስበው የሙዚቃ ማጫወቻውን ነገር ነው። ቀድሞ ግራሞፎን ያለው ቤት በሰፈሩ ስሙ ይጠራ ነበር፤ ከዚያ የራዲዮ፥ ከዚያም የቴፕ ተራ መጣ። አሁን ደግሞ ስትሪመር የሚባል መሣሪያ ተነሥቷል። ስትሪመር ማለት በቍጥር የተጻፈውን ዘፈን ከኢንተርኔት መሥመር ወይም በቤት ውስጥ ካለ ማከማቻ ተቀብሎ ለድምፅ ማጉያው የሚያስረክብ ሣጥን ነው። ዋጋውም ከመካከለኛ ስልክ ዋጋ ጀምሮ መኪና እስከሚገዛ ገንዘብ ይደርሳል።

ከወልቂጤና ከቡታጅራ ወጥተው በአዲስ አበባና በባሕር ማዶ በንግድ የከበሩ ልጆች፥ ለአባትና ለእናታቸው ቤት ይህን መሣሪያ ገዝተው ሊያመጡ ሲያስቡ የትኛው ይሻላል ብለው ይጠይቃሉ። ወልቂጤ በጅማ መንገድ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለች የጉራጌ ዞን ከተማ ናት፤ በሆሳዕና መንገድ ያለችው ቡታጅራም በ2015 ዓ.ም. የምሥራቅ ጉራጌ ዞን በተቋቋመ ጊዜ የዞን ከተማ ሆናለች። በሁለቱም ዘንድ ጥሩ ጥሩ ቤት እየተሠራ ስለ ሆነ ጥያቄው መልስ የሚገባው ነው። በአውሮጳ የሚታተሙ መጽሔቶች ግን መሣሪያዎቹን የሚያወዳድሩት መብራቱ የማይጠፋበትን፥ መሥመሩም የማይቋረጥበትን ቤት አስበው ነውና፥ የእነርሱን ፍርድ እንዳለ ተቀብሎ ገንዘብ ማውጣት አይገባም።

ከሠሪዎቹ አስቀድሞ ስሙ የሚነሣው የስኮትላንዱ ሊን ነው። ሊን በፈረንጅ አቈጣጠር በ2007 ክላይማክስ ዲኤስ የተባለውን ስትሪመር አወጣ፤ በ2009 የሲዲ ማጫወቻ መሥራቱን ጨርሶ ተወ። በ2021 ያወጣው ክላይማክስ ዲኤስኤም ሣጥኑ ከአንድ ወጥ አሉሚኒየም የተፈለፈለ ሲሆን፥ መሸጫው 30000 ፓውንድ ነበር። የእንግሊዙ ኔም በ2018 ኤንዲኤክስ 2 የተባለውን በ4999 ፓውንድ ለገበያ አቀረበ። ካምብሪጅ ኦዲዮ በ2024 ያወጣው ሲኤክስኤን100 አንድ ሺሕ ፓውንድ እንኳ አልሞላም፤ በዚያው ዓመት የወጣው ዊም አልትራ ደግሞ 329 ዶላር ብቻ ነበር። የኮርያው ኦሬንደር፥ የፖርቱጋሉ ኢንዎስ፥ የካናዳው ብሉሳውንድ በየፊናቸው ይወዳደራሉ።

አንባቢ ሆይ፥ በዋጋው ልዩነት አትደንግጥ። ቍጥሩን ወደ ድምፅ የሚመልሰው ዳክ የሚሉት ክፍል ባለፉት ዓመታት እጅግ ስለ ተሻሻለ፥ በርካሹና በውዱ መካከል ያለው የድምፅ ልዩነት የዋጋውን ያህል አይደለም፤ ጸጥ ባለ ክፍልና በጥሩ ድምፅ ማጉያ ካልሆነም ለመለየት ያስቸግራል። የሚበልጠው ልዩነት በሌላ በኩል ነው። ከነዚህ መሣሪያዎች አንዳንዶቹ ዜማን ከውጭ የሚስቡ ብቻ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን ዜማን በሆዳቸው የሚያሳድሩ ናቸው። ለወልቂጤና ለቡታጅራ ቤት ፍርዱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሊንና ኔም ከላይ በጠራናቸው መሣሪያዎች ውስጥ ማከማቻ አላኖሩም። በቤት ያለ ዘፈን እንዲጫወቱ የፈለገ ሰው ዘፈኑን የሚይዝ ሌላ ሣጥን ገዝቶ ማገናኘት ወይም ዲስክ መሰካት ይኖርበታል። ኔም ለመሥመር መቋረጥ ያበጀው ብልኀት አለው፤ በሲዲ ጥራት ለሚጫወት ዘፈን አምስት ደቂቃ ገደማ የሚሆነውን አስቀድሞ ስለሚይዝ፥ ሽቦው ቢነቀል እንኳ የተጀመረው ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ ሳይቋረጥ ያልቃል። ለለንደን ቤት ይህ ይበቃል። መሥመሩ ግማሽ ቀን ለሚጠፋበት ቤት ግን አምስት ደቂቃ ምን ትረዳለች?

የኦሬንደርና የኢንዎስ ሰዎች ነገሩን ከሌላ ወገን አይተውታል። ኦሬንደር የሚጫወተውን ዘፈን አስቀድሞ ወደ ውስጥ ማከማቻው ቀድቶ ከዚያ ያጫውታል። ደብሊዩ20 የተባለው መሣሪያውም በባትሪ የሚሠራ ክፍል ስላለው መብራት ድንገት ቢጠፋ በሥርዐት ራሱን ይዘጋል። የኢንዎስ ዜን የተባለው ሣጥን ሲዲ ሲጎርስ ዘፈኑን ገልብጦ በውስጡ ያስቀምጣል። የብሉሳውንድ ቮልት 2አይም እንዲሁ ሲዲ እየገለበጠ በ2 ቴራባይት ዲስክ የሚያኖር ነበር። ነገር ግን ገዢ ሊጠነቀቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ኦሬንደር በኤን ፊደል የሰየማቸው መሣሪያዎችና የኢንዎስ ዜን ማርክ 3 ዳክ የላቸውም። ዳክ ለብቻው ሳይገዛ እነርሱን ያመጣ ሰው፥ ሣጥኑን ከማጉያው ጋር አገናኝቶ አንዳች ድምፅ ሳይሰማ ይቀራል።

ስለ ኤሌክትሪኩም እንናገር። በአገራችን ወደ ቤት የሚገባው ኀይል 220 ቮልት ነው ይባላል እንጂ ማታ ሁሉም ምድጃውን ሲለኩስ ዝቅ ይላል፤ ጠፍቶ ሲመለስም አንዳንድ ጊዜ ዘሎ ይመጣል። እዚህ ላይ የሚያስገርም ነገር ይገኛል። ከውዶቹ መሣሪያዎች ብዙዎቹ፥ ኔምን የመሰሉት፥ ለድምፅ ጥራት ሲባል ከባድ ትራንስፎርመር አላቸው፤ ይህም ለአንድ ቮልት ልክ የተሠራ በመሆኑ ኀይሉ አለቅጥ ሲወርድ ይቸገራል። ከርካሾቹ ብዙዎቹ ግን ከ100 እስከ 240 ቮልት ድረስ ያገኙትን ተቀብለው ይሠራሉ። ሊን ግን በውድነቱ ላይ ይህንኑ ዘዴ ስለ መረጠ በዚህ ረገድ ይመሰገናል። የሆነ ሆኖ ማንኛውንም ቢገዙ ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ አብሮ መግዛት ግድ ነው። ዲስክ በሚዞርበት ሰዓት መብራት ሲጠፋ የሚጎዳው መሣሪያው ብቻ አይደለም፤ የተጻፈበትም ዜማ ይበላሻል።

ከኢንተርኔት የሚመጣው ዘፈንስ? ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹበት ዘመን አንሥቶ፥ የኢትዮጵያ ዘፈን ወደ ቤት የገባው በተቀረጸበት ዕቃ ነበር። የጉራጌ ተወላጅ የሆኑት አቶ ማሕሙድ አሕመድ በ1975 የዘፈኑት «እሬ መላ መላ» በ1986 በቤልጅግ ታትሞ ዓለም ሰማው፤ በኋላም ኢትዮጲክስ በተባለው ተከታታይ ሲዲ ውስጥ ገባ። እንዲህ ያለው ዘፈን ዛሬ በየትኛውም ስትሪመር ሊገኝ ይችላል። ነገር ግን ኮቡዝ የተባለው በጥራቱ የታወቀ አገልግሎት የሚሸጥባቸው አገሮች ጥቂቶች ሲሆኑ ኢትዮጵያ በቍጥራቸው ውስጥ አልገባችም። ኤልያስ መልካና ባልንጀሮቹ ያቋቋሙት አውታር፥ እንዲሁም ሰዋስው የተባለው፥ ዘፈን ለማሰማት የተሠሩት በስልክ ላይ ነው፤ የውጭ አገር ስትሪመሮች በገጻቸው ላይ አላስገቧቸውም። ስለዚህ ባለ 30000 ፓውንዱን የገዛ ሰው የዘንድሮን አዲስ የአማርኛ ወይም የጉራጊኛ ዘፈን ሊሰማ ሲሻ፥ ብዙ ጊዜ ከስልኩ በብሉቱዝ ማሻገር ሊኖርበት ይችላል። ብሉቱዝም ድምፁን ጨምቆ ነው የሚያሻግረው።

ጭመቃው ለጉራጌ ዘፈን ከሌላው ይልቅ ይከፋል። የዘፈኑ ነፍስ ጭብጨባው እንደ ሆነ ያየው ሁሉ ያውቃል። ጭብጨባ ደግሞ ለመሣሪያ ከባድ ፈተና ነው፤ ከጸጥታ ድንገት ይነሣና ወዲያው ይጠፋልና። ድምፅን ጨምቆ የሚጽፈው ዘዴ ዜማውን በጥቃቅን ጊዜ ቈራርጦ ስለሚመዝን፥ ድንገተኛ ምት ሲገጥመው ስሕተቱ በቍራጩ ሁሉ ላይ ይበተናል፤ ጥርት ያለው እጅ ለእጅ መምታት ዱቄት እንደ ተነሰነሰበት ሆኖ ይሰማል። እንግዲህ መሣሪያ ለመምረጥ ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው ሻጩ ባዘጋጀው የፈረንጅ ፒያኖ አይፍረድ፤ ሰዎች ተሰብስበው የሚያጨበጭቡበትን የአገሩን ዘፈን ሳይጨመቅ ተጽፎ በፍላሽ ይዞ ይሂድ። በዚያ ፈተና አንዳንዱ ርካሽ መሣሪያ ውዱን ሲስተካከል ያገኘዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በብዙ ቤት፥ ከቁም ሣጥኑ ሥር ወይም ከመደርደሪያው ላይ፥ አቧራ የለበሱ ካሴቶች አሉ። በቸሀኛ፥ በእነሞርኛ፥ በክስታንኛ፥ በመስቃንኛ የተዘፈነ አለባቸው፤ በሠርግ ቀን የተቀዳ የአያት ምርቃት፥ ዛሬ በሕይወት የሌሉ አባት ድምፅም አለባቸው። ይህን የትም አገር ያለ ኩባንያ አይሸጠውም፥ በኢንተርኔትም አይገኝም። ካሴት ደግሞ ለዘለዓለም የሚኖር ዕቃ አይደለም፤ ሙቀትና እርጥበት ያበላሹታል፥ ክሩም ይጣበቃል። እኛ ስትሪመርን የምናወድሰው በተለይ ይህን ድምፅ ለማሳደር ስለሚያገለግል ነው። ከሩቅ አገር አንድ መቶ ሚሊዮን ዘፈን ከሚስብ መሣሪያ ይልቅ፥ የአባትን ድምፅ ከነጭብጨባው በቤት የሚይዝ ይበልጣል።

ልኩም አያስፈራም። በሲዲ ጥራት የተጻፈ አንድ ሰዓት ዜማ 635 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ አንዳች ሳይጎድል በሚያጥፈው በፍላክ ዘዴ ሲጻፍ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ሢሶው ወይም እኩሌታው ይቀነሳል። በአንድ ቴራባይት ዲስክ ውስጥ ከ2000 ሰዓት የበለጠ ይገባል። ካሴትን ከሲዲ ጥራት አልፎ በከበደ ቍጥር መጻፍ ዲስክ ከመሙላት በቀር ትርፍ የለውም፤ ካሴቱ ራሱ ያን ያህል አልያዘምና።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ገንዘብ ያልቸገረው ቤት ኢንዎስን ወይም ኦሬንደርን ከጥሩ ዳክ ጋር ይግዛ፤ ሊንን የወደደ ማከማቻውን አብሮ ይግዛ፤ ያለዚያ የተዋበ ሣጥን ይዞ መብራትና መሥመር ሲጠብቅ ይኖራል። በመካከለኛ ኑሮ ያለ ቤት ግን ዊም አልትራን ወይም ሲኤክስኤን100ን ገዝቶ ዲስክ ቢሰካበት፥ ከተረፈው ገንዘብም ስታቢላይዘር፥ ዩፒኤስና የተሻለ ድምፅ ማጉያ ቢጨምር፥ ብዙ ሺሕ ፓውንድ ካወጣው ጎረቤቱ የሚያንስ ድምፅ አይሰማም። የቤቱም እመቤት ድርሻ አላት፤ በሴራሚክ ወለልና በባዶ ግድግዳ መካከል የሚጮኸውን ድምፅ ወፍራም መጋረጃና ስጋጃ ያበርዱታል። የድሮው የሣር ክዳን ጎጆ ይህን ሥራ ያለ ክፍያ ይሠራ ነበር።

ካሴቶቹን ለመገልበጥ የመስቀልን ወይም የአረፋን ሰሞን መጠበቅ አይበጅም፤ ያን ጊዜ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል፥ ልጆችም የቴፑን ቍልፍ ሁሉ ይነካሉ። አንድ ወር አስቀድሞ፥ በሥራ ቀን፥ በጸጥታ ይጀመር። አስቀድሞ ከካሴቱ ጀርባ ያሉት ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ይሰበሩ፤ ይህ ከሆነ በላዩ ሌላ ድምፅ መቅዳት አይቻልም። የቴፑ ራስ በአልኮል በጥጥ ይጠረግ፤ ካሴቱም አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት፥ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይጠምጠም፥ ከዚያ በኋላ ይከፈት። ሲገለበጥም ማን እንደ ዘፈነ፥ በማን ሠርግ፥ በየትኛው ዓመት እንደ ሆነ ዐዋቂ ሽማግሌ አጠገብ አስቀምጦ ወዲያው መጻፍ ያስፈልጋል። አንዱ ቅጅ በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ ቤት ይቀመጥ፤ ሁለተኛው በአዲስ አበባ ባለው ወንድም ወይም እኅት ዘንድ ይኑር። ዋናውም ካሴት አይጣል፤ በደረቅ ስፍራ፥ ከማጉያው ማግኔት ርቆ፥ በሣጥኑ ውስጥ ቆሞ ይቀመጥ።