የአተር ስም እንደ ማስረጃ

ሩማንኛ ከላቲን አልመጣም፣ እንዲያውም ከሮም በፊት በዛሬዋ ሩማንያ ምድር ይኖሩ ከነበሩት ከዳኪያውያን በቀጥታ የወረደ ነው የሚል ወሬ በየጊዜው ብቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1913 የታተመውና ዳኪያን የጥንታዊ ሥልጣኔ እምብርት አድርጎ የሣለው የኒኮላዬ ዴንሱሺያኑ መጽሐፍ ለዚህ ዓይነቱ ወሬ ስንቅ ሆኖት ኖሯል። ወሬው ስሕተት ነው። የሩማንኛ ሰዋስውና አብዛኛው መሠረታዊ ቃሉ ላቲን ነው፤ በዚህ ላይ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

ከሮም በፊት በባልካን ይነገሩ የነበሩ ቋንቋዎች ግን አሻራቸውን ጥለው አልፈዋል። አሻራው የሚገኘው በነገሥታት ዜና መዋዕል ሳይሆን በአተር ማሳ ነው።

ሩማንያውያን አተርን «ማዘሬ» ይሉታል። ቃሉ ከላቲን የመጣ አይደለም። አልባኒያውያን ደግሞ «ሞዱል» ይላሉ፤ «ዱ» የምትነገረው ምላስ በጥርስ መካከል ወጣ ብላ ነው። ለጆሮ የሚዛመዱ አይመስሉም። ሆኖም አንዱ «ዝ» ያለበት ሌላው ያቺን «ድ»፣ አንዱ «ር» ያለበት ሌላው «ል» ይላል። ጉድጓድ ቆፋሪውና ፊተ ዥጉርጉሩ የዱር እንስሳም በሩማንኛ «ቪዬዙሬ»፣ በአልባንኛ «ቪዬዱል» ነው። ያው ልዋጭ፣ በያው ቦታ። አንድ ጊዜ ቢሆን አጋጣሚ ይባል ነበር።

ዋናው ነገር ያቺ «ር» ናት። በሁለት አናባቢዎች መካከል የነበረች ነጠላ የላቲን «ል» በሩማንኛ «ር» ሆናለች፦ «ሶሌም» (ፀሐይ) «ስዋሬ»፣ «ሞላ» (ወፍጮ) «ምዋረ» ሆነዋል። ከስላቮች የተወሰደው «ሚለ» (ምሕረት) ግን «ል»ውን እንደያዘ ቀርቷል። የድምፅ ሕግ እንደ ወንፊት ነው፤ በተነፋበት ሰዓት ያልነበረ እህል አያልፍበትም። «ማዘሬ» በወንፊቱ ስላለፈ ከስላቭ ቃላት በፊት በቋንቋው ውስጥ ነበር፤ ትናንት ከአልባኒያ እረኞች የተለቀመ አይደለም።

ቃሉን «ዳኪያዊ» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። የአልባንኛ አያት ኢሊሪያዊ ይሁን ትራኪያዊ ወይስ ሌላ፣ ሊቃውንቱ አልተስማሙም፤ ከዳኪያንኛ የተረፈውም በአብዛኛው ስምና የዕፅዋት መጠሪያ ነው። «ጥንታዊ የባልካን ቃል» ማለቱ ይበልጥ ታማኝ ነው።

ስሞች ደግሞ የባሰ ያሳስታሉ። ሄሮዶቱስ «ማሪስ» ያለው ወንዝ ዛሬ «ሙሬሽ» ነው፤ ስሙ በእርግጥ ጥንታዊ ነው፣ የድምፁ ለውጥ ግን በሌሎች ሕዝቦች አፍ ሳያልፍ እንዳልቀረ ያሳያል። ዛሬ በጥንቱ የዳኪያ ንጉሥ ስም «ዴቼባል» ተብሎ የሚጠራ ልጅም ስሙን ያገኘው ከታሪክ መጽሐፍ እንጂ ከአያት ቅድመ አያቱ አፍ አይደለም። የሩማንያዋ የክሉዥ ከተማም በስሟ ላይ «ናፖካ» የሚለውን ጥንታዊ መጠሪያ የጨመረችው እ.ኤ.አ. በ1974፣ በወቅቱ የአገሪቱ መሪ በነበረው በቻውሼስኩ መንግሥት ውሳኔ ነው።