መኪናው ሲታጠፍ ለምን ይጮኻል? ከፎገራ ጭቃ እስከ ሐሙሲት አስፋልት

ክረምት ነው። ለጥናታችን መረጃ ስንሰበስብ ውለን ከፎገራ የሩዝ ማሳዎች መካከል በጭቃው እየተንገዳገድን ወጣን። ሐሙሲት ስንደርስ አስፋልቱ ደርቋል። ላንድክሩዘሩ ሊታጠፍ ሲል መሪው ከበደ፤ ከሥር «ግርርር… ጓ!» አለ፤ የፊት ጎማዎቹ አስፋልቱን እየፋቁ ዘለል ዘለል አሉ። ሜካኒካል ምህንድስና ተምሬ የለ? በልበ ሙሉነት «መጋጠሚያው ተበልቷል» አልኩ። ሹፌራችን ሳቀ። «ተው እንጂ ኢንጂነር፣ ፎር ዊሉን ረስቼው ነው» አለና መኪናውን ትንሽ ወደ ኋላ አስኬዶ አጭሯን ማርሽ መለሳት። ድምፁ ጠፋ።

ታዲያ ያልተበላሸ መኪና ለምን ይጮኻል?

ጥፋቱ የጂኦሜትሪ ነው

መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የሰፋ ክብ ይዞራሉ። በቁጥር እንየው። የላንድክሩዘር 78 የፊትና የኋላ ጎማዎች ርቀት 2.98 ሜትር ነው። የኋላው አክስል መሐል በ6 ሜትር ራዲየስ ቢዞር፣ በፒታጎረስ ሕግ የፊቱ ራዲየስ 6.7 ሜትር ገደማ ይሆናል። አንድ ሙሉ ዙር ሲጠናቀቅ የኋላው 37.7 ሜትር፣ የፊቱ ደግሞ 42.1 ሜትር ሄዷል። የ4.4 ሜትር ልዩነት!

የግራና የቀኝ ጎማዎችን ልዩነት ዲፈረንሻል ያቻችለዋል። እንዲህ ባለው መኪና ግን ፎር ዊል ሲገባ የፊትና የኋላ ዘንጎች አንድ ላይ ይታሰራሉ፤ በመካከላቸው የሚያቻችል የለም። ጭቃ ላይ ችግር የለውም፣ ጎማው ተንሸራቶ ልዩነቱን ይውጠዋል። ደረቅ አስፋልት ግን ጎማውን አጥብቆ ይይዛል። ዘንጎቹ እንደሚጨመቅ እርጥብ ልብስ ይጠመዘዛሉ፤ ውጥረቱ ሲበዛ ጎማው ዘሎ ይለቃል። የሰማነው ድምፅ ይኼው ነው።

«መቼ ነው የሚሰማው?»

ከዚያ ቀን የተማርኩት ይህን ነው፦ «ምን ዓይነት ድምፅ ነው?» ከማለት በፊት «መቼ ነው የሚሰማው?» በሉ። ከዚያም ልክ እንደ ላቦራቶሪ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየቀየራችሁ ሞክሩ።

*መኪናው ቆሞ መሪ ሲዞር «ዚዚዚ» ካለ*፦ መጀመሪያ የመሪውን ዘይት እዩ። ዘይቱ ሲጎድል ፓምፑ አየር ይስባል፤ አረፋው በግፊት ሲፈርስ ይጮኻል። መሪው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ብቻ ለአፍታ የሚሰማ ድምፅ ግን የግፊት መልቀቂያው ሥራ ነው። ብቻ እዚያው ላይ ይዛችሁ አትቆዩ፣ ዘይቱ ይግላል።

*በጠባብ መታጠፊያ ነዳጅ ሲሰጠው «ቀጭ ቀጭ» ካለ*፦ የፊት ጎማን እያጠፈ የሚያሽከረክረውን መጋጠሚያ ጠርጥሩ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አልፍሬድ ዜፓ የፈለሰፈው ነው፤ ውስጡ ስድስት የብረት ኳሶች አሉት። ማሸጊያው ሲያረጅ የፎገራ ውሃና ጭቃ ይገባል፣ ግሪሱ ይበላሻል፣ ኳሶቹ የሚሄዱበት ቦይ ይቦረቦራል። ለማረጋገጥ ለስላሳ መሬት ላይ በፎር ዊል፣ ከዚያ ያለ ፎር ዊል ታጠፉ። ሁለተኛው ላይ ድምፁ ከጠፋ ጥርጣሬያችሁ ይጠነክራል። ይህን ሙከራ አስፋልት ላይ ብታደርጉት ግን ቅድም ያየነው ውጥረት የራሱን ድምፅ ጨምሮ ያሳስታችኋል።

*ኮረኮንች ላይ ወይም መሪ ሲወዘወዝ «ኳ» ካለ*፦ ይኼኛው ቀልድ አያውቅም። የመሪ ዘንጎች ጫፍ ላይ ያሉት መጋጠሚያዎች ላልተዋል ማለት ሊሆን ይችላል። አንዱ ሰው ቆሞ ያለውን መኪና መሪ ግራና ቀኝ በትንሹ ሲወዘውዝ፣ ሌላው መጋጠሚያዎቹን በዓይኑ ይከታተል።

የፍሬኗ ዘዴ

መካኒኮች የሚጠቀሙባት አንዲት ዘዴ ደስ ትላለች። የፊት ጎማው በክሪክ ይነሳና ከላይና ከታች ተይዞ ይወዘወዛል። ከላላ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ፍሬኑ ጎማውን ከያዘው አካል ጋር ስለሚያጣብቀው፣ ልቅነቱ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው። ካልጠፋ ግን ጎማው የሚታጠፍበት ምሰሶ ኩሽኔታ ላይ ነው ችግሩ። አንድ ፔዳል ሁለት ተጠርጣሪዎችን ለየልን ማለት ነው። (ይህን ከመካኒክ ጋር ሆናችሁ እንጂ ብቻችሁን አትሞክሩት፤ ሌሎቹ ጎማዎች ታኮ ይደረግላቸው፣ ከመኪናው ሥርም ማንም አይግባ።)

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? እኔ እንደዚያ ቀን በግምቴ ብገፋ ኖሮ ጤነኛ ዕቃ አስፈትቼ ገንዘብ አባክን ነበር። ተቃራኒው ግን ይብሳል። «ፎር ዊሉ ነው» ተብሎ የታለፈው «ኳ» የላላ የመሪ መጋጠሚያ ከሆነ፣ አንድ ቀን ይለያያል፤ ጎማው ከመሪው ትእዛዝ ውጪ ይሆናል። በገጠር ወረዳዎቻችን ከሚመላለሱት አምቡላንሶች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ላንድክሩዘሮች ናቸው። ከጭቃ ወጥተው፣ ወላድ ጭነው፣ በአስፋልቱ የሚከንፉት እነሱ ናቸው።

በሚቀጥለው ጊዜ መኪና ውስጥ ሆናችሁ እንግዳ ድምፅ ከሰማችሁ ሦስት ነገር መዝግቡ፦ መሬቱ ምን ነበር? ፎር ዊል ገብቶ ነበር? መሪው ምን ያህል ታጥፎ ነበር? ለመካኒኩ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም።