ሥራ ፊደል ሲያስተምር

ጎልማሳ ማንበብና መጻፍ የሚማረው ከሥራው ጋር ነው ወይስ ከሥራው ተለይቶ? ክርክሩ በኢትዮጵያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዘልቋል።

እ.ኤ.አ. በ1965 ቴህራን የተሰበሰቡ የትምህርት ሚኒስትሮች “ከሥራው ጋር” ወደሚለው አደሉ። ዩኔስኮ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ በ11 አገሮች ሙከራ ሲጀምር ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች፤ ወላይታ፣ ጅማና ጭላሎም ከተመረጡት አካባቢዎች መካከል ነበሩ። ቡና አልሚው ስለ ቡና እያነበበ ፊደል ይለያል፣ ያነበበውንም ማሳው ላይ ይሞክራል ተብሎ ታሰበ። ሐሳቡን ዛሬም ክፉ ማለት ይከብዳል። ችግሩ ትምህርቱ በአማርኛ መሆኑ ነበር፤ የወላይታው ገበሬ ከእርሻ ደክሞ ገብቶ ፊደሉን፣ የግብርና ምክሩንና ቋንቋውን በአንድ ጊዜ እንዲሸከም ተጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የዩኔስኮ ግምገማም ሙከራው በጥቅሉ ወደ ምርት ብቻ ያደላ እንደነበር ተችቷል።

ደርግ በሐምሌ 1971 የጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የቋንቋውን ጉድለት አረመ፤ ቆይቶ በ15 ቋንቋዎች ይሰጥ ነበር። ግን የምስክር ወረቀቱን የያዘው ገበሬ በማግስቱ ምን ያንብብ? ያልተሠራበት ንባብ ይጠፋል።

ሥራ አንባቢ የሚያፈራው ሠራተኛው ራሱ የሚጽፈው፣ ሌላ ሰው ደግሞ የሚጠብቀው ጽሑፍ ሲኖር ይመስለኛል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን እንይ። በ1995 የተጀመረው ፕሮግራም 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶችን ለአንድ ዓመት እያሠለጠነ በየቀበሌው ሁለት ሁለት መደበ፤ ቁጥራቸውም ከ30 ሺህ አለፈ። የቤተሰብ ማኅደር ትሞላለች፣ ክትባት ትመዘግባለች፣ ወርሃዊ ሪፖርት ታዘጋጃለች፣ ነፍሰ ጡሯን ወደ ጤና ጣቢያ ስትልክ የሪፈር ወረቀት ትጽፋለች። ያ ወረቀት እዚያ የሚያነበው ባለሙያ አለ፤ በደንብ ካልተጻፈ እናቲቱ ትጎዳለች። ለዚህ ጽሑፍ ማርክ የሚሰጥ መምህር አያስፈልግም።

ቴክኒክና ሙያ ግቢ ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። የማሠልጠኛው ሞጁል በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ አሠልጣኙ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ያስረዳል፤ እጅ ከእጅ ይማራል። ሞጁሉ የሚገለጠው ለብቃት ማረጋገጫው (ሲኦሲ) የጽሑፍ ፈተና ዋዜማ ነው፤ ያኔም ለመሸምደድ። አሳምሮ የሚበይድ ወጣት የብየዳ መመሪያ አንብቦ ላይረዳ ይችላል። ለዚህ ልጁን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ በሚያስብበት ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ ማን ሰጠው?

ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስንመለስ፣ መዝገቧ ወደ ታብሌት እየተዛወረ ነው። መረጃው ቶሎ ይደርሳል፣ መዝገብ መሸከምም ይቀራል። በታብሌቱ ላይ ግን አብዛኛው ሥራ ከተሰጡት ምርጫዎች አንዱን መንካትና ቁጥር ማስገባት ነው፤ የታየውን በራስ ዓረፍተ ነገር ለመግለጽ የሚተወው ቦታ ጠባብ ነው። ቅጹን የሚነድፉት ሰዎች ያን ቦታ ሊያሰፉት ይችላሉ።