የብረት ጋሻ ጃግሬ

ከደባርቅ ተነሥቶ ሊማሊሞን የሚወርድ ተሳፋሪ ዓይኑ ገደሉ ላይ፣ ልቡ ፍሬኑ ላይ ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን ከገደሉ ፈልፍሎ ያወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ሌላ ነገር ለማየት ፋታ አይሰጥም። ዛሪማ ታልፎ፣ ደጋው ከኋላ ቀርቶ፣ ሙቀቱ ጋቢ ሲያስወልቅ ነው ሰው ተረጋግቶ ግራ ቀኙን የሚያየው። ያን ጊዜ ከሰሜን ተራሮች ግርጌ የሚያብለጨልጭ ነገር ብቅ ይላል፤ የአዲ አርቃይ ጣሪያ።

አርቃይ በትግርኛ ሽመል ነው። ስሙን ላወጡት ሰዎች ቦታው የሽመል አገር ነበር ማለት ነው፤ ዛሬ ስም ይውጣላት ቢባል የቆርቆሮ አገር ሳትባል አትቀርም። ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ ለሚያያት ጣሪያዎቿ ሦስት መልክ አላቸው። ዘንድሮ የተመታው እንደ መስተዋት ዓይን ይወጋል፤ የጥቂት ዓመቱ አመድማ ሆኗል፤ የቆየው ከጫፉና ከሚስማሩ ዙሪያ እየቀላ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አዲስ፣ ሁለተኛውን ያረጀ፣ ሦስተኛውን ያለቀለት ብሎ ይመድባል። በሁለተኛው ላይ ግን ፍርዱ ተሳስቷል፤ ያ አመድማ ቆርቆሮ ጦር ዕቃውን የለበሰው ገና አሁን ነው።

ነገሩን ለመረዳት ቆርቆሮ ምን እንደሆነ ማወቅ ይበቃል። ቆርቆሮ በሁለቱም ፊቱ ስስ የዚንክ ቆዳ የለበሰ የብረት ላሜራ ነው። ከሁለቱ ቤቱን የሚሸከመው ብረቱ ነው፤ ብረቱን የሚጠብቀው ደግሞ ዚንኩ።

ብረት ጥበቃ የሚያስፈልገው የራሱ ዝገት ስለማይከልለው ነው። አሉሚኒየም አየር ሲነካው ላዩ ላይ ጠበቅ ያለ ስስ ሽፋን ይፈጠርና ውስጡ ይድናል። የብረት ዝገት ግን እንደ ስፖንጅ ልል ነው፤ ውኃና ኦክስጅን ያሳልፋል፣ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ያብጣል፣ ይላጣል፣ ከሥር አዲስ ብረት ለውኃው ያጋልጣል። አንዴ ከጀመረ ራሱን በራሱ የሚያሳድድ ነገር ነው።

ሰሜኖች ይህን ለማወቅ የኬሚስትሪ መምህር አላስፈለጋቸውም። ጠመንጃ ያለው ሰው ክረምት ሲገባ ፈቶ ይወለውላል፣ በቅባት ያሽና በጨርቅ ይጠቀልላል። ቅባቱ ውኃው ብረቱን እንዳይነካ ይከለክላል፤ የመከላከያው ሁሉ አባት ይህ ነው። ችግሩ ቅባት ይጠረጋል፣ ይተናል፣ በየጊዜው መታደስ አለበት። የዘይት ቀለም ማለት ደርቆ በቦታው የሚቀር፣ ቀለም ያለው ቅባት ነው ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም።

ዚንክ ግን የተለየ ባሕርይ አለው። ውኃውን ከመከልከል ሌላ፣ ከብረት ጋር አንድ ላይ ሲረጥብ ቀድሞ ራሱን ይሰጣል፤ እሱ እስኪያልቅ ብረቱ ሳይበላ ይቆያል። ቀለም ከተጫረ ዝገቱ በጭረቱ ገብቶ ከቀለሙ ሥር ይሮጣል። ዚንክ ከተጫረ ግን በዙሪያው ያለው ዚንክ ለተራቆተችው ጠባብ ቦታ ጭምር ይሞትላታል። ቆርቆሮ በመቀስ ተቆርጦ፣ በሚስማር ተበስቶ ወዲያው የማይዝገው ለዚህ ነው። የቀድሞ መኳንንት ጋሻ ጃግሬ ነበራቸው፤ ጦሩ ወደ ጌታው ሲመጣ ቀድሞ የሚቆም። ዚንክን ከዚህ የተሻለ የሚገልጽ ቃል በአማርኛ አላገኘሁም።

ሥራው እንዲህ ተጀመረ። ሄንሪ ፓልመር የሚባል የለንደን ወደብ መሐንዲስ በ1829 እ.ኤ.አ. ላሜራን ሞገድ አድርጎ የማጠፍ የባለቤትነት መብት ወሰደ፤ ሞገዱ ስሱን ላሜራ ሳይጎብጥ ከግንብ ግንብ እንዲደርስ አስቻለው። ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ በ1837 እ.ኤ.አ.፣ ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶረል ብረትን በቀለጠ ዚንክ የመንከርን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ዘዴው "ጋልቫናይዝ" የተባለው በጣሊያናዊው ሐኪም በጋልቫኒ ስም ነው፤ የሞተ እንቁራሪት እግር በብረት ነክቶ ሲያስወራጭ የነበረው ሰው ሳያስበው የጣሪያችን ክርስትና አባት ሆነ። እኛ ዘንድ ቆርቆሮ በዝቶ የተሰራጨው ባቡሩ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ነው። ሣር ክዳን በየጥቂት ዓመቱ መታደስና እሳት መፍራት ግድ ስለሚለው፣ ቆርቆሮ ከከተማ እየወጣ የገጠሩን ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ለብሶታል።

አሠራሩ እንደ ልብስ ማጠብ ይጀምራል። ብረቱ ቅባቱ እንዲለቅ በሚያቃጥል ሶዳ ይታጠባል፣ ዝገቱና ቅርፊቱ እንዲወርድ አሲድ ውስጥ ይነከራል፣ ዚንኩ እንዲይዘው በሚያደርግ ጨው ያልፋል፣ ከዚያ 450 ዲግሪ ገደማ በሞቀ የዚንክ ገንዳ ውስጥ ይገባል። ዚንክ በ420 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣልና ገንዳው እንደ ብር ፈሳሽ ያንጸባርቃል። እዚያ ውስጥ ዚንኩ ከላይ ተለጥፎ ብቻ አይቀርም፤ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ የዚንክና የብረት ቅይጥ የሆኑ ድርቦች ይሠራል። ለዚህ ነው እንደ ቀለም የማይላጠው። የከፍተኛ ኤሌክትሪክ መስመር ምሰሶዎች በየኮረብታው ቀለም ሳይነካቸው ቆመው የሚታዩት በዚህ ዘዴ ቁራጭ በቁራጭ ተነክረው ነው።

የጣሪያ ላሜራ ግን በጥቅልል ነው የሚሠራው፤ ፖላንዳዊው ታዴውሽ ሴንድዚሚር በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ባሻሻለው መንገድ ላሜራው እንደ ረጅም ነጠላ እየተተረተረ በሙቀት ይጸዳል፣ በገንዳው ውስጥ ያልፋል፣ ሲወጣ የአየር ቢላዋ የተረፈውን ዚንክ ይጠርገዋል። ሁሉም ነገር የሚወሰነው በዚህ የአየር ቢላዋ ነው። አየሩ ጠንከር ካለ ዚንኩ ይሳሳል፣ ላሜራው ይረክሳል፤ ላላ ካለ ይወፍራል፣ ዋጋውም ይወጣል። ዓይን ግን ልዩነቱን አያይም። ሁለቱም አዲስ ሲሆኑ እኩል ያብረቀርቃሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ልጠይቃችሁ። የዚንኩ መጠን የሚለካው በካሬ ሜትር ስንት ግራም እንዳለ፣ ሁለቱም ፊት ተደምሮ ነው። 275 ግራም ያለው ላሜራ በአንድ ፊቱ ወደ 19 ማይክሮን ዚንክ አለው፤ 60 ግራም ያለው 4 ማይክሮን ብቻ። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑን አስቡ። ከባሕር የራቀ፣ ፋብሪካ የሌለበት፣ ደረቅ ቀን የሚበዛበት አየር በዓመት ከ0.1 እስከ 0.7 ማይክሮን ዚንክ ይበላል። ግማሽ ማይክሮን ብለን ብንይዝ አንዱ ጣሪያ ዚንኩ በስምንት ዓመት ያልቃል፣ ሌላው ወደ አርባ ይጠጋል። ጨው የሚነፍስበት የባሕር ዳርቻ ቢሆን ኖሮ በዓመት 4 ማይክሮንና ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችላል፤ የአዲ አርቃይ ሰው በአየሩ እድለኛ ነው። ሱቅ ሲገባ ግን የሚጠይቀው ጌጁን ነው። ጌጅ የላሜራውን ውፍረት ይነግራል፣ ቁጥሩ ሲጨምር ላሜራው ይሳሳል፤ ስለ ዚንኩ አንድም ቃል አይናገርም። ጌታውን መዝነን ጋሻ ጃግሬውን ሳንቆጥር እንገዛለን።

አመድማው ቆርቆሮ አላረጀም ያልኩበት ምክንያትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ዚንክ ከዝናብና ከአየር ጋር ሲኖር ላዩ ላይ ደብዘዝ ያለ ጠንካራ ሽፋን ያወጣል፤ ያ ሽፋን አበላሉን ያዘገየዋል። እንዲፈጠር ግን አየር ይፈልጋል። አዲስ ቆርቆሮ ተደራርቦ ዝናብ ከገባበት፣ ውኃው በሁለቱ መካከል ታፍኖ፣ ሽፋኑ በመፈጠር ፈንታ ዚንኩ እንደ ዱቄት ነጭ ሆኖ ይወጣል። ስንት ሰው ለክረምት ብሎ የገዛውን ግቢ ውስጥ ከምሮ፣ ክረምቱ ሲያልፍ ሲገልጠው ሲሚንቶ የተነሰነሰበት መስሎት ደንግጧል! ለያይቶ፣ ዘመም አድርጎ፣ አየር በመካከሉ እንዲያልፍ ማቆም ይበቃው ነበር። እርጥብ ሲሚንቶና ኖራም ለዚንክ ጠላት ናቸው። የማገዶ ጢስም እንዲሁ ነው፤ ከእንጨት ጢስ ጋር የሚወጣው አሲድ ዚንክ ይበላልና የማድ ቤት ክዳን ከሳሎን ክዳን ቀድሞ ቢቀላ አይግረማችሁ።

ወደ ብየዳ ቤት ስንገባ ነገሩ ይለወጣል። በርና መስኮት የሚሠራው ዚንክ ከሌለው ላሜራና ቱቦላሬ ነው። በነገራችን ላይ ላሜራ፣ ቱቦላሬ፣ ፌሮ፣ ቡሎን ሁሉም የጣልያን ቃላት ናቸው፤ ሊማሊሞን የቆፈረው ወራሪ ተባሮ ሲሄድ መዝገበ ቃላቱን በያጆቻችን እጅ ጥሎ ሄዷል። የበያጁ ጋሻ አንቲረስት የሚባለው ቀለም ነው። ቀዩን አንቲረስት ቀይ ያደረገው ምን እንደሆነ ስታውቁ ትስቃላችሁ፤ የብረት ኦክሳይድ ነው፣ ማለትም የዝገት ወንድም። ተፈጭቶ በዘይት ሲታሰር ዝገትን መከላከያ ይሆናል።

እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ያሠራሁት የግቢ በር በሁለተኛው ክረምት ፊቱ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጠቀ፣ ቀለሙም በእጅ ሲነኩት ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ ወረደ። ቀለሙን ወቀስኩ። ቀለሙ ጥፋት አልነበረበትም፤ ከሥሩ ዝገት፣ ቅባት፣ የብየዳ ጥላሸት እንዳለ ነበር የተቀባው። በአዋቂዎቹ ዘንድ የቀለም ሥራ አብዛኛው ከቀለሙ በፊት ያልቃል። ድልድይና ታንከር የሚቀቡ ድርጅቶች ብረቱን በ7 ባር አየር በሚወረወር የብረት ፍርፋሪ ወይም ከማቅለጫ በተረፈ ዝቃጭ ጠጠር ይደበድቡታል። ንጽሕናውንም ስዊድኖች በፎቶግራፍ አስደግፈው ባወጡትና ዛሬ ዓለም አቀፍ በሆነው መለኪያ ይመረምራሉ፤ ከባድ ሥራ የሚታዘዘው አብዛኛውን ጊዜ ኤስኤ ሁለት ተኩል በሚባለው ደረጃ ነው። ድብደባው ብረቱን ከማጽዳት ሌላ ያሻክረዋል፤ ቀለም ደግሞ የሚይዘው ሻካራ ነው። በተራ አሸዋ መደብደብ ግን ሳንባ ስለሚያደርቅ በብዙ አገር ተከልክሏል።

የሠፈር በያጅ ይህ ሁሉ መሣሪያ የለውም። የሽቦ ብሩሽ፣ ግራይንደር፣ ብርጭቆ ወረቀትና ቲነር ግን አለው፤ ችግሩ ጊዜና ሒሳብ ነው፣ ለማጽዳት የሚከፍለው ደንበኛ የለምና። ሹል ጠርዝ ላይ ቀለም ይሸሻል፣ ብየዳው ላይ ጉድጓድ ይተዋል፤ ስለዚህ ጠርዝና ብየዳ ከሌላው ቀድመው ለብቻቸው በብሩሽ አንድ ዙር መቀባት አለባቸው። ደባርቅ ላይ ማለዳ ብረት በጤዛ ይረጥባል፤ ብረቱ አየሩ ጤዛ ከሚጥልበት ሙቀት ቢያንስ 3 ዲግሪ ካልበለጠ አይቀባም የሚል ሕግ አለ። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው ይባላል፤ መቀባቱ ግን ፀሐይ ሞቅ እስክታደርገው መጠበቅ ይፈልጋል።

ከዚያ የሚቀባበት መንገድ እንደ ኪሱና እንደ ዕቃው ነው። ብሩሽ ቀለሙን ወደ ቀዳዳው ስለሚያሽ ለመጀመሪያው ዙር ማንም አይተካውም። ኮምፕሬሰር ይፈጥናል፣ ግማሹን ቀለም ግን ለነፋስ ይሰጣል። በትልልቅ ሥራ ላይ ቀለሙ ራሱ ከ150 ባር በላይ ተገፍቶ ያለ አየር ይረጫል፤ በዚያ ግፊት ጣት ላይ ቢያርፍ ቆዳ በስቶ ይገባል። የፋብሪካ ወንበርና አልጋ ደግሞ ኤሌክትሪክ የተሞላ ዱቄት ይነሰነስበትና በ180 እና በ200 ዲግሪ መካከል ምድጃ ውስጥ ይጋገራል። ለድልድይ የሚመረጠው ድርብ ነው፤ ከሥር ዚንክ የበዛበት፣ መካከል ወፍራም ኤፖክሲ፣ ላዩ ላይ ፖሊዩሪቴን። ኤፖክሲ ጠንካራ ነው፣ ፀሐይ ግን እንደ ጠመኔ ታቦነዋለች፤ ስለዚህ ጃንጥላ ያስፈልገዋል። በ1890 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የስኮትላንዱ የፎርዝ ድልድይ ቀለሙ አያልቅም ተብሎ ተረት ሆኖ ነበር፤ እስከ ብረቱ ተጠርጎ በዚህ ዓይነት ኤፖክሲ ከተቀባ ወዲህ፣ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ቀለም ቀቢዎቹ ከ20 ዓመት በላይ እረፍት ተሰጥቷቸዋል።

ቆርቆሮና ጋልቫናይዝድ ቱቦ የሚበይድ ሰው ሌላ ጣጣ አለበት። እሳቱ ዚንኩን ያተነዋል፤ ነጩን ጢስ የተነፈሰ በያጅ ማታ እንደ ወባ ይንቀጠቀጣል። ወተት ይጠጣል፤ ወተቱ ለሆዱ ደስ ይለዋል እንጂ ሳንባው ድረስ የሚሄድበት መንገድ የለውም። ነፋስ ባለበት መበየድ ይሻላል። የተበየደውን ቦታ ደግሞ ብርማ ቀለም ረጭቶ "ጋልቫናይዝ አደረግኩት" ማለት ማታለል ነው፤ ብርማው ቀለም አሉሚኒየም ነው፣ ቦታው የሚፈልገው ዚንክ የበዛበትን ነው።

ይህን ሁሉ ይዤ አዲ አርቃይ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገባሁ። ቆርቆሮው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ ደግነቱ ዘመም ብሎ። ዚንኩ ስንት ግራም ነው አልኩት ወጣቱን ባለሱቅ። ወደ ጓዳ ዞር ብሎ መደርደሪያውን አየ፣ ምስማሩን፣ ማጠፊያውን፣ ቁልፉን በዓይኑ አሰሰ።

"ዚንክ እንኳን የለንም ጋሼ፤ ቆርቆሮ ነው ያለን። ስንት ጌጅ ላውጣልዎ?"